አርባ አራት ቀን በባንኮክ ከተማ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በ2016 ዓ.ም. ከጥር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ በዚህ ሰዓት ንግግሩን ሌላ ባልደረባዬ ሲያነብላችሁ እንደ ነበረ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከዚያም በኋላ ድምፄ ከቀድሞው ወፍሮና ጥቂት ሻክሮ በመመለሱ «ምን ሆነህ ነበር?» ብለው በደብዳቤም በመንገድም የጠየቁኝ አሉ። የራስን ሕመም በሕዝብ ራዲዮ መናገር ነውር መስሎ ስለ ታየኝ መልሱን እስከ ዛሬ አዘግይቼዋለሁ። የዛሬው ንግግሬ ግን ስለ አንድ ሩቅ ከተማ ስለ ሆነ፣ ወደ ከተማውም የወሰደኝ ያው ሕመም ስለ ሆነ፣ አንዱን ከአንዱ ለይቶ መናገር አልተቻለኝም።

የምኖረው፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ በደቡብ ኦሞ ዞን በኛንጋቶም ወረዳ፣ በካንጋተን ነው። ካንጋተን በኦሞ ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ የቈላ ከተማ ናት። የአገሩ ተወላጆች ኛንጋቶሞች ከብት አርቢዎች ሲሆኑ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይም ከጥንት ጀምሮ ማሽላ ሲዘሩ የኖሩ ናቸው። ባለቤቴ በገበያው ዳር አንዲት ሱቅ ይዛ ስኳር፣ ጨው፣ የቡና ገለፈትና ዶቃ ትሸጣለች።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ድምፄ መጎርነን ጀመረ። አቧራ ነው ብዬ ተውሁት። ከዚያም «ማር ላስ»፣ «ጤና አዳም ጠጣ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው መጣ፤ ሁሉንም ሞከርሁ። በኅዳር ወር ግን አንድ ገጽ አንብቤ ለመጨረስ የማልችል ሆንሁ። ወደ ጂንካ፣ ከጂንካም ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ሐኪሙም ጕሮሮዬን በመሣሪያ ከተመለከተ በኋላ፣ በድምፅ አውታሬ ላይ ትንሽ እባጭ መብቀሉን፣ ይኸውም ወጥቶ መመርመር እንደሚገባው ነገረኝ። «መመርመር» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ ሰው በልቡ ምን እንደሚያስብ መናገር አያስፈልገኝም።

ወደ ሩቅ አገር የሄድነው ይህ ሕክምና በአገራችን የማይገኝ ሆኖ አይደለም። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በባንኮክ ተቀምጦ ልብስ እየገዛ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው። የእኔን ነገር በሰማ ጊዜ «ጋሼ፣ ማረፊያው በእኔ፣ የሐኪሙም ዋጋ ግማሹ በእኔ ነው፤ የቀረውን ስትችሉ ትከፍሉኛላችሁ፤ እትዬን ይዘው ይምጡ» ብሎ በስልክ ያዘኝ። እኅቱም ስድስት ዓመት አላየችውም ነበርና፣ እኔ ገና ሳመነታ እርስዋ ሻንጣውን ጨርሳ ነበር። ጥምቀትን በአዲስ አበባ ካከበርን በኋላ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀታችንን ይዘን በአየር መንገዳችን አይሮፕላን በሌሊት ተነሣን፤ ጥር 14 ቀንም ባንኮክ ገባን።

እኛ ባንኮክ የምንላትን ከተማ የአገሩ ሰዎች ክሩንግ ቴፕ ይሏታል፤ ትርጓሜውም የመላእክት ከተማ ማለት ነው። ሙሉ ስሟ ግን በአንድ ትንፋሽ ተነብቦ የሚያልቅ አይደለም። ዛሬ በዙፋን ላይ ያለው ቤተ ሰብ መሥራች የሆነው ቀዳማዊ ራማ በ1774 ዓ.ም. መናገሻውን ከቻው ፕራያ ወንዝ ምዕራብ ወደ ምሥራቁ ዳር አሻግሮ ቈረቈራት። አሁን ከነአካባቢዋ ከዐሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። አገሪቱ ሲያም የሚለውን ስሟን ትታ ታይላንድ የተባለችው በ1931 ዓ.ም. ነው። ዙሪያዋን የአውሮፓ ቅኝ ገዥዎች ከበዋት ሳለ ሳትያዝ የቀረች አገር ስለ ሆነች፣ በኮሪያም ጦርነት ጊዜ የእኛ ቃኘው ሻለቃና የእነርሱ ወታደሮች በአንድ ወገን ስለ ተሰለፉ፣ ለኢትዮጵያዊ ፍጹም ባዕድ አትመስልም።

ዘመን የሚቈጥሩትም እንደ እኛ በራሳቸው ነው። በእኛ 2016 በሆነ ጊዜ በእነርሱ 2567 ነበረ። የሐኪም ቤቱን የመጀመሪያ ደረሰኝ ስንቀበል ይህ ቍጥር ተጽፎበት ያየችው ባለቤቴ «ዕዳችንን የምንከፍለው በዚህ ዓመት ከሆነ መልካም ቀጠሮ ነው» አለች። ከዚህ ይልቅ ግን እኔን የገረመኝ ሰዓታቸው ነው። እኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነርሱም በዕለት ንግግራቸው አንድ ይሉታል፤ ሁለቱን ሁለት፣ ሦስቱን ሦስት፣ እንዲህ እያሉ እስከ አምስት። በጥንቱ ልማድ የጧቱም አቈጣጠር እንዲሁ ከአንድ ይጀምር ነበር፤ ዛሬ ጧቱን እንደ አውሮፓውያን የሚቈጥረው ይበዛል። የምሽቱ ሰዓት «ቱም» ይባላል፤ የከበሮ ድምፅ ነው። የቀኑ «ሞንግ» ይባላል፤ የደወል ድምፅ ነው። በቀድሞ ዘመን ሰዓቱ ለሕዝብ የሚነገረው በከበሮና በደወል ስለ ነበረ ስሙ ከድምፁ ተወሰደ። ሰዓት እየጠበቀ ለሚናገር ለእንደ እኔ ያለ ሰው ይህ ነገር የሙያ ወንድም እንደ ማግኘት ነው።

ከሕክምናው በፊት የነበረችውን ሳምንት እንደ ማናቸውም እንግዳ አሳለፍናት። ፕራቱናም በሚባለው የልብስ ገበያ አጠገብ፣ በጠባብ መንገድ ውስጥ ባለች የወንድማችን ቤት አርፈን፣ በ1992 ዓ.ም. ሥራ በጀመረውና ከጎዳናው በላይ በድልድይ በሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ወዲያና ወዲህ ተመላለስን። ስለ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግን እንድነግራችሁ አትጠብቁኝ። ለውጭ አገር ሰው መግቢያው 500 ባህት መሆኑን ባለቤቴ ስትሰማ «ግንቡንስ ከደጅ አየነው» ብላ መለሰችኝ።

ጥር 21 ቀን ሐኪሞቹ አስተኝተውኝ፣ ከውጭ አንዳች ሳይቈርጡ በአፌ በኩል ገብተው እባጩን አወጡት። ስነቃ አስታማሚዋ አንድ ወረቀት አሳየችኝ። ለዐሥር ቀን መናገር ክልክል ነው፤ ማንሾካሾክም ክልክል ነው፤ ጕሮሮ መጥረግም ክልክል ነው ይላል። የወጣውም ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይነገረናል ተባልን። እንግዲህ አስቡት፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት በመናገር እንጀራውን የበላ ሰው፣ በዓለም ካሉት ሁካታ ከበዛባቸው ከተሞች በአንዱ ውስጥ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። የሚጠብቀውም የሞት ወይም የሕይወት ወሬ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ረዥም ነበሩ። ባለቤቴ ተኝታ እኔ በመስኮት አጠገብ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከተማው አይተኛም። ሌሊት የሚጠርግ መጥረጊያ፣ ሸክም የሚገፋ ጋሪ፣ መንገደኛ የሚያፈናጥጥ ሞተር ብስክሌት፣ ጧት ደግሞ ምግብ የምትሸጥ ሴት መጥበሻዋን በማንኪያ ስትመታ ይሰማል። ሊነጋ ሲል በባዶ እግራቸው የሚሄዱ መነኮሳት ይመጣሉ። እነርሱ ሲመጡ ድምፅ የለም። ሰዎች ከደጃቸው ተንበርክከው ምግቡን በሳሕናቸው ያኖሩላቸዋል፤ መነኮሳቱም ይመርቁና ያልፋሉ። የእኛ የቆሎ ተማሪ በየደጁ እየጮኸ ሲለምን ውሻ ይከተለዋል፤ እዚህ ግን የሰጠው ሰው ነው ተቀባይ መስሎ የሚታየው። ይህን ለባለቤቴ ለመንገር ፈልጌ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁላት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ይህን ጽሑፍህን ማን ያነበዋል?» አለችኝ። ዜና ስጽፍ ፈጥኜ ስለ ለመድሁ ፊደሌ ለእኔ ብቻ የሚታይ ሆኗል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማውን የመራችኝ እርስዋ ናት። ወንድምዋ ወደ ሥራው ስለሚሄድ ሁለታችን ብቻ እንወጣ ነበር። በከተማው መካከል ሴን ሴፕ የሚባል ቦይ አለ፤ ከ1829 ዓ.ም. ጀምሮ የተቈፈረ ነው። ዛሬ ረዣዥም ጀልባዎች እንደ ከተማ አውቶቡስ ሰው ይጭኑበታል። ቲኬት ቈራጮቹ የራስ ቍር ደፍተው በጀልባው ጠርዝ ላይ በውጭ በኩል ይራመዳሉ፤ ድልድይ ሲደርስ ጐንበስ ይላሉ። ውኃው የቈሸሸ ስለ ሆነ ሌላ ጀልባ ሲያልፍ መንገደኛው ከጎን ያለውን ገመድ ስቦ ሸራውን ከፍ ያደርጋል። ማንም ማንንም አላዘዘም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ገመዱን ያዘች፤ በሁለተኛው ቀን ከአጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ፈገግ አሰኝታ እርስዋው ትስብ ነበር። ከኦሞ ዳር የመጣች ሴት ጀልባ አያስፈራትም። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. ኦሞ ገንፍሎ በዳሰነች ወገኖቻችን ላይ ያደረሰውን ጥፋት የሚያውቅ ሰው ግን ወንዝ መፍራት አይተውም። ለካ እዚህም እንደዚሁ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ የቻው ፕራያ ሙላት የከተማውን ሰሜን ውጦ አንዱን የአይሮፕላን ማረፊያ እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር።

ለሰላምታም ቢሆን አልተቸገርሁም። በአገራችን ሰላምታ ማለት የጤና፣ የቤት፣ የልጅ፣ የከብት ጥያቄ ነው፤ ዝም ያለ ሰው የተጣላ ይመስላል። እነርሱ ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ በቃ። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበርና ማንም ሕመምተኛ መሆኔን አላወቀም። በእኛ ሰዓት ጧት በሁለትና ማታ በዐሥራ ሁለት የሕዝብ መዝሙራቸው በየባቡር ጣቢያውና በየመናፈሻው ይሰማል፤ ሲሮጥ የነበረው ሁሉ በቆመበት ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ሺህ ሰው ከእኔ ጋራ ዝም ይላል። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ በየቀኑ ያችን ሰዓት እናፍቃት ጀመር።

ባለቤቴ ከካንጋተን ስትነሣ አንዲት ኛንጋቶም ጎረቤታችን ከአንገትዋ አንድ ክር ዶቃ ፈትታ ሰጥታት ነበር። የአገሩ ሴቶች ዶቃውን እጅግ ደራርበው ነው የሚያስሩት፤ ዓይነቱንም ሲለዩ እንደ ቀልድ አይደለም። «እንደዚህ ያለ ካገኘሽ አምጪልኝ፤ ካላገኘሽ ይኸንኑ መልሺልኝ» ነው ያለቻት። ስለዚህ በቻይናዎቹ ሰፈር ሳምፔንግ ወደሚባለው ገበያ ሄድን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ዶቃ፣ አዝራር፣ ጥብጣብ፣ ጌጣ ጌጥ ነው፤ በመካከሉ ሸክም የጫነ ሞተር ብስክሌት ሳይቀር ያልፋል።

ባለቤቴ በዘጠኝ ሱቅ ቆመች። ክርዋን ታሳያለች፤ ሻጯ ታመጣለች፤ ባለቤቴ ራስዋን ትነቀንቃለች። ዋጋው የሚነገረው በካልኩሌተር ነው። ሻጯ ቍጥሩን ትመታና ታዞርላታለች፤ ባለቤቴ አጥፍታ የራስዋን ትመታለች፤ ሁለቱም ይሥቃሉ፤ እንደ ገና ይጀመራል። እኔ ቦርሳ ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። በዘጠነኛው ሱቅ አንዲት አሮጊት የኛንጋቶሟን ዶቃ ተቀብለው በጥርሳቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ብርጭቆ መሆኑን ከድምፁ ለዩ። ባለቤቴ ይህን ስታይ ወደ እኔ ዞራ «እርሳቸው ያውቃሉ፤ የእኛም እናቶች እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለችኝ። አሮጊቷም ከጓዳ ሌላ ሣጥን አወጡ። ትክክል እርሱ ነበር። ስምንት ኪሎ ገዛን።

ስንመለስ በጀልባው ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ካንጋተን የገባሁ ጊዜ እንዲህ ነበርሁ። አንተ ቢሮ ውስጥ በአማርኛ ትውላለህ። እኔ ግን ሱቁን ከፍቼ በጣቴ ነው የጀመርሁት። አንዲት ቃል፣ ሌላ ቃል፣ እየተሣቀብኝ። አንተ እኮ ጠይቀኸኝ አታውቅም።» መልስ ለመስጠት አልተፈቀደልኝም። ቢፈቀድልኝም ምን እመልስ ነበር? ከካንጋተን ሆኜ ስለ ከብት ክትባትና ስለ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ተናግሬያለሁ። ከደጄ ፊት ለፊት የምትኖረው፣ ከብቶችም ያሏት፣ ያችው የዶቃዋ ባለቤት ግን ከንግግሬ አንዱን ቃል አትሰማም። እኔም ከሰላምታዋ በቀር የእርስዋን አንድ ዐረፍተ ነገር አላውቅም ነበር።

የካቲት 2 ቀን የቻይናዎቹ ዘመን መለወጫ ነበር። ያዋራት የሚባለው የወርቅ ሱቆች ጎዳና በቀይ ፋኖስ ተሸፍኖ፣ ሰዎች የአንበሳ ልብስ ለብሰው በከበሮ ሲዘሉ አየን። ወርቁ የሚመዘነው በባህት ነው፤ አንዱ ባህት ዐሥራ አምስት ግራም ያህል ይሆናል። የገንዘባቸውም ስም ይኸው ነው። የእኛስ ገንዘብ ስሙ ከብረቱ ከብር የመጣ አይደለምን? ያን ጊዜ ዐሥሩ ቀን አልፎ በቀን ዐሥር ደቂቃ ብቻ መናገር ተፈቅዶልኝ ነበር። ዐሥር ደቂቃ ብዙ ናት። ምን ላይ እንደማውላት እያሰብሁ አብዛኛውን ጊዜ ሳልጨርሳት እተኛ ነበር።

የካቲት 5 ቀን ሐኪሙ ጠራን። ወረቀቱን ዘርግቶ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኔ ቃሎቹን ሁሉ እያወቅሁ ምንም አልሰማሁም። ባለቤቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ነገር ግን የሐኪሙን ፊት ስትመለከት ቈይታ፣ እርሱ ሳይጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እባጩ ክፉ ዓይነት አልነበረም። የሰማሁት ከእርስዋ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ድምፅ የመመለስ ሥራ ነበር። በየጧቱ ለስላሳ በሚጠጣበት ቀጭን ቀሰም ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ እያንጐራጐርሁ አረፋ እነፋለሁ። የጎረቤት ልጆች በመስኮት እየተመለከቱ ይሥቁብኛል። ባለቤቴ እነርሱን «ኑ» ብላ ለመጥራት ወንድምዋ ያስተማራትን «ማ» የምትል ቃል ብትናገር ሣቁ ባሰ። ለካ ይህች ቃል በመካከለኛ ድምፅ ስትነገር «ና»፣ በከፍተኛ ድምፅ «ፈረስ»፣ ከታች ወደ ላይ ስትወጣ «ውሻ» ትሆናለች። እርስዋ ልጆቹን ውሻ ብላቸው ነበር። እኛም አንዱን «ገና» አጥብቀንና አላልተን ሁለት ነገር እንልበታለንና ልንፈርድባቸው አይገባም።

የካቲት 16 ቀን ማካ ቡቻ የሚሉት የቡድሃ በዓላቸው ነበር። በመሸ ጊዜ ሕዝቡ አበባ፣ ዕጣንና ጧፍ ይዞ ቤተ መቅደሱን ሦስት ጊዜ ይዞራል። እምነታቸው ሌላ ነው፤ እኛ ከግንቡ ውጭ ቆምን። ነገር ግን ባለቤቴ ሦስት ጊዜ መዞራቸውን ቈጥራ «እንደ እኛ ዑደት ነው» አለች። እኔም በዚያ ምሽት ከሕክምናው ወዲህ የመጀመሪያውን ረዘም ያለ ነገር ተናገርሁ። የተናገርሁትም ስለ በዓሉ አልነበረም። የኛንጋቶም ቋንቋ እንድታስተምረኝ ጠየቅኋት። «ካንጋተን ስንገባ ከሱቁ ደጅ ትቀመጣለህ» አለችኝ። ትምህርት ቤቱ እርሱ ነው።

የካቲት 27 ቀን ተነሥተን ቅበላ ሳያልፈን አዲስ አበባ ገባን። ከዶቃው ግማሽ ያህሉ እስከ ፋሲካ ተሸጠ፤ የተሸጠውም ለወንድማችን ተላከ። የቀረው ዕዳ አሁንም አለብን። ድምፄም እንደምትሰሙት ነው፤ አንባቢነቱን ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በላይ እንዳላስረዝም ታዝዣለሁ።

ጎረቤታችን ዶቃውን ልትቀበል የመጣች ቀን እኔ ከሱቁ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። በጥርስዋ ነካ አድርጋ ሰማችና ወደደችው። ከዚያም ስለ ከተማው ጠየቀች፤ ባለቤቴም ስለ ባቡሩ፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ሕዝቡ ብዛት ነገረቻት። ጥቂት ጥቂት ገባኝ፤ የቀረውን ባለቤቴ ተረጐመችልኝ። ሴትዮዋ ሁሉንም በጸጥታ አዳምጣ ሲያበቃ «ከብቶቻቸው እንዴት ናቸው?» አለች። ባለቤቴ አሰበች፤ አርባ አራት ቀን ሙሉ በከተማው አንዲት ላም አለማየታችንን ነገረቻት። ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቈየች። በኋላም ዶቃውን በአንገትዋ እያሰረች «ታዲያ ልጆቻቸው ምን ይጠጣሉ?» ብላ ጠየቀች።